የማይኮመጥጠው ወተት

ጅጅጋ
ጥቅምት 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዐናብ፣

በእኛ ቤት ለአራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው፤ አንቺ በራስሽ መንገድ አሚን በይበት። ወንድ መሆኑን ከወተት መኪናው ሾፌር ከኢሴ ሰማሁ። ቁርጥ አባቱን ይመስላል ብሎኛል፤ እንግዲህ እግዜር ያሳድገው እንጂ ምን ይደረጋል።

ኢቅራ ለምን አትጽፍልኝም ብለሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። እኔም ፈተና ላይ ናት እያልኩ ሳልፍሽ ቆየሁ። ፈተና ላይ አይደለችም። አራስ ነሽ፣ አትደንግጪ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። አሁን ግን ልጠይቅሽ የሚገባ ነገር ስላለ ከዚህ በላይ መሸፈን አልችልም። እንድትማር አምነሽ የሰጠሽኝ ልጅሽ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኝታለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከባጃጅ ወርዳ የቦይ ብረት ከጉልበቷ በታች ጫራት። በሳሙና አጥቤ፣ በፋሻ አስሬ፣ ነገ ይሽራል ብያት ነበር። አልሻረም። እግሯ አበጠ፣ ትኩሳቱ ተነሳ። ዶክተር ማቲዎስ ከፍቶ መግሉን አወጣና መርፌ አዘዘ። መርፌው አልሠራም፤ ቀየረው፤ የተቀየረውም አልሠራም። ጎበዝ ሐኪም ነው፤ በእሱ አትፍረጂ።

ላብራቶሪው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝና መግሉን ወስጄ በሳህን ላይ አበቀልኩት። በላዩ ላይ ደግሞ የተለያየ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ደረደርኩ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርሙ ይሞትና ንጹሕ ቀለበት ይታያል። በማግስቱ ሳየው አንድም ቀለበት የለም። ጀርሙ እስከ ወረቀቶቹ ጥግ ድረስ በቅሎ ተንሰራፍቷል። እዚህ ፋርማሲ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለምዶታል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዳትቆጪኝና ንገሪኝ። ኢቅራ እዚያ እያለች፣ ለክረምቱ ስትመጣም ጭምር፣ ምን መድኃኒት ወስዳለች? ከሱቅ የሚገዛውን ቀይና ቢጫ እንክብል፣ ተከፍቶ ቁስል ላይ የሚነሰነሰውንም ሳይቀር።

አደራ እንዳትመጪ። ይህን ጀርም የያዘ ክፍል ውስጥ የቀናት ልጅ ታቅፎ መግባት አይታሰብም። እኔ አለሁላት፤ እናቷ ሆኜ ነው የማድረው።

እናትአለም

---

ጉናጋዶ
ጥቅምት 10 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእናትአለም፣

ከንዴቴ በፊት ሰላምታዬን ላስቀድም፤ ሰላም ላንቺ ይሁን። አሁን ወደ ንዴቴ ልሂድ።

በዚህ ገበያ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር እንክብል የሚከፍት ሞልቷል። እኔ ግን ካንቺ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነርስነት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቱን ትቼ ግመል ያለው ባል አገባሁ እንጂ ጭንቅላቴን ጅጅጋ አልተውኩትም። ልጄ በሕይወቷ አንድ እንክብል አልዋጠችም፤ ክረምትም በጋም። ወተት ነው ያሳደጋት። ዶክተርሽ ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

ይልቅ የምልከው ወተት ይደርሳታል ወይ? ቀይ ክር የታሰረባት ትንሿ ጄሪካን የእሷ ናት፤ ለሌላ እንዳትሰጪ። አንጀቷን የሚጠግነው እሱ ነው። ሆዴ ከገፋ ወዲህ ጭነቱን የያዘችው የባሌ እህት ሳህራ ናት፤ የሰፈሩን ሴቶች ወተት ሰብስባ መኪናው ላይ የምታስጭነውም፣ የኢቅራን ለይታ የምታስረውም እሷ ናት። ድሮ በሃን ነበር የምንልከው፣ ከዛፍ ሥሮች ተጎንጉኖ በሚሠራው ዕቃ፤ ውስጡን በእንጨት ፍም አጥነነው ወተቱ መንገዱን ይችለው ነበር። አምና ነጋዴው ኑር መኪናዬ የሚጭነው ጄሪካን ብቻ ነው አለን። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም፤ ይቀልጣል። መጀመሪያ ላይ እየተበላሸ አቃጥሎን ነበር። ሳህራ ከያዘችው ወዲህ ግን አንድም ቀን ኮምጥጦ ደርሶ አያውቅም። እጇ በረካ አለው።

ስልክ ለምን አትደውዪም እንዳትዪኝ፣ የከተማው ስልክ ያለው ኑር ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ የተነገረ ነገር ማታ ግመሎቹም ይሰሙታል። ደግሞም አርባ ቀኔ እስኪሞላ ከደጅ አልወጣም፤ አማቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አንቺ አትምጪ ትያለሽ፣ እሷ አትውጪ ትላለች፤ የሁላችሁ እስረኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ስለ እግሯ ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ።

ዐናብ

---

ጅጅጋ
ጥቅምት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዐናብ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። እንክብል አልሰጠሻትም፤ አምኜሻለሁ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ግን እንዳትቀድጂው።

ኢቅራ ምግብ አልበላም አለች። ምን ላምጣልሽ ስላት ሱሳክ አለችኝ፤ አንቺ እንደምታደርጊው በደንብ የኮመጠጠውን የግመል ወተት። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ከቀይ ክሯ ጄሪካን ቀድቼ፣ ከጎረቤት አንድ ማንኪያ አሮጌ ሱሳክ ለምኜ ጨመርኩበትና ማድቤት አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጣፋጭ ነው። በሦስተኛው ቀንም ጣፋጭ ነው። ያንቺን ሙያ አላውቅበት ይሆናል ብዬ እዚሁ ከተማ ዳር ከሚታለብ ግመል ወተት ገዝቼ እንደዚያው አደረግሁት። እሱ በማግስቱ ኮመጠጠ። ያንቺው አሁንም እንደ ታለበ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሥራ ስገባ አንድ ክብ ወረቀት ወተትሽ ውስጥ ነክሬ፣ መድኃኒት ያልለመደ ጀርም ባበቀልኩበት ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። ቀለበት ወጣ፤ የሚያምር፣ ንጹሕ ቀለበት። ከከተማ ዳር የገዛሁት ወተት ምንም አላወጣም። ዐናብ፣ ወተት ብቻውን እንደዚያ አያደርግም። ወተትሽ ውስጥ መድኃኒት አለ።

ማን እንደጨመረው አላውቅም። አንቺ እንዳልሆንሽ ግን አውቃለሁ። እባክሽ ፈልጊ።

እናትአለም

---

ጉናጋዶ
ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዋላል፣ እህቴ፣

ባለፈው የላክሁልሽን ደብዳቤ ካላነበብሽው አታንብቢው። ካነበብሽውም እርሺው። እዚህ የሰውን ወተት ክፉ መናገር እናቱን መሳደብ ነው፤ ደሜ ፈልቶ ነው የጻፍኩት። ምን እንዳልኩሽ ልብ ያልኩት ኢሴ መኪናውን አስነስቶ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ስድቤ ወተቱን አያኮመጥጠውም። መሞከር ነበረብኝ።

ከቤት መውጣት ስለማልችል ገበያው ወደ እኔ እንዲመጣ አደረግሁ። ሴቶቹን ለአራስ ትንሽ ትንሽ ወተት አምጡልኝ ብዬ ላክሁባቸው፤ ለአራስ ደግሞ እምቢ የሚል የለም። የእያንዳንዷን በብርጭቆ መስኮቱ ሥር ደረደርኩና ከአሮጌ ሱሳክ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። አማቴ ልጄ ጠንቋይ አገባ እንዴ ብላ አፏን ያዘች። በማግስቱ ሁሉም ኮምጥጧል። ደስ አለኝ፤ ደግሜ ልሰድብሽ ብዕር ፈልጌ ነበር። ከዚያ መኪናው ተጭኖ ሲያበቃ ከቀይ ክሯ ጄሪካን አንድ ብርጭቆ አስቀድቼ አስመጣሁ። እናትአለም፣ ያ ብርጭቆ ይህን እየጻፍኩ አጠገቤ ነው። ዝንብ እንኳን የናቀው ይመስለኛል። አልኮመጠጠም።

የጠረጠርኩት ኢሴን ነው። ደጄ ላይ አቁሜ ቁርአን አስይዤ ማል አልኩት። ማለና «ሳህራን ለምን አትጠይቂያትም? መድኃኒቱን የምትጨምረው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለኝ፤ ስኳር ጨመረች እንደማለት።

ሳህራ ምንም አልደበቀችም። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ቢጫ ዱቄት አሳየችኝ። ለግመል የሚገዛው መድኃኒት ነው፤ ኑር ይሸጠዋል። «በጄሪካን ከሆነ ወዲህ ወተቱ ደገሀቡር ሳይደርስ ይበላሽ ነበር፤ ኑር ቁንጥር ጨምሩበት አለን፤ መድኃኒት እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም» አለችኝ። ሌሎቹም ጫኞች ያደርጉታል። ቀጥላ ሳልጠይቃት ምን አለች መሰለሽ? «የኢቅራ ላይ ሁለት ቁንጥር ነው የማደርገው። የልጅ ወተት እንዳይበላሽ።»

እጄን አነሳሁባት። ፊቷን እንኳን አላዞረችም፤ ለምን እንደምመታት አታውቅማ። ለልጄ ከሁሉ የተሻለውን ያደረገች መስሏት ነው የቆመችው። እጄን መልሼ ሕፃኑን አነሳሁና አለቀስኩ። እሷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

አሁን ምን ብዬ ላስረዳት? ምን ብዬስ ሴቶቹን ላስቁማቸው? አንቺ ንገሪኝ። ደግሞ የጠየቅኩሽን መልሺ፤ እግሯ እንዴት ነው?

ዐናብ

---

ጅጅጋ
ጥቅምት 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዐናብ፣

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ፤ አልረሳውምም። «የደገኛ አፍንጫሽን ከወተቴ አውጪ» ያልሽውን ለዶክተር ማቲዎስ ሳነብለት ሲስቅ ዋለ፤ ከሳቀ ሰንብቶ ስለነበር ምስጋና ይገባሻል።

ሳህራን እንዳትሰብሪያት። እንዲህ በያት፦ መድኃኒት በልኩ ሲሰጥ ጀርሙን ይገድለዋል፤ በቁንጥር ሲሆን ግን ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ይተወዋል። ብርቱው ይራባል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠጣነው ሰው ሆድ ውስጥ፣ ቆዳ ላይ፣ መድኃኒት የማይፈራ ጀርም ያድጋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላውም ይሻገራል። ሰውየው የታመመ ቀን መርፌው እንደ ውኃ ይሆንበታል።

በኢቅራ እግር ያለው ጀርም ከወተቱ የመጣ ነው ብዬ አልምልልሽም። እዚሁ ከተማ፣ እዚሁ ሆስፒታልም ሊይዛት ይችላል፤ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም። የማውቀው ይህ ወተት በየማለዳው ግማሽ ከተማ እንደሚጠጣው ነው። በሰፊው ዓለም ስንት ሰው አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ዕድሜውን ይጨርሳል፤ እኛ ደግሞ ያለንን በጄሪካን እንደፋዋለን። ያናድዳል። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የወተቱን ውጤት ለኃላፊዬ አሳየሁት። «ወተት አትንኪ» አለኝ፤ «ከተማውን ልታሸብሪ ነው? ይህን ወረቀት እንዳላየሁት ልቁጠረው።» እኔም እንዳላየው ሆኖ እንዳይቀር ስሜን በትልቁ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ከፈለገ ያዛውረኝ።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ሌላ ወረቀት አስልከን ሞከርን፤ ቫንኮማይሲን ይባላል። ቀለበት አወጣ! ሳህኑን ይዤ በኮሪደሩ ሮጥኩ፤ ሰው አብዳለች ብሎኛል። መድኃኒቱ ራሱ ጅጅጋ የለም፤ እዚያ እያፈላለጉልን ነው።

መምጣት አለብኝ ብለሽ እንደምትነሺ አውቃለሁ። እዚህ መጥተሽ ልታደርጊ የምትችዪው እኔ የማላደርገው ነገር የለም። እዚያ ግን ካንቺ በቀር ማንም ሊያደርገው የማይችል ነገር አለ።

ስለ እግሯ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ወረቀቴ አለቀ።

እናትአለም

---

ጉናጋዶ
ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

እናትአለም፣

ወረቀቴ አለቀ ያልሽበት ደብዳቤ ግማሹ ባዶ ነው። ያልጻፍሽውን ከባዶው አነበብኩት። ኢሴን አፋጥጬ ያዝኩትና አወጣ፤ እግሯን ሊቆርጡ ነው። እንግዲህ ስሚኝ። ያ መድኃኒት ከቢላው በፊት ይድረስ። በሰው ትከሻም ይሁን በአውሮፕላን፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እዚያ አንቺ ተዋጊ፤ እዚህ ደግሞ እኔ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

አርባዬን ሰብሬ ወጣሁ።

ሕፃኑን በጀርባዬ አዝዬ፣ በአንድ እጄ ያንን የማይኮመጥጥ ብርጭቆ፣ በሌላው የኮመጠጠውን ይዤ ወተት የሚጫንበት ግራር ሥር ደረስኩ። አማቴ ከኋላዬ እየጮኸች ተከተለችኝ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየኝ፤ አራስ ከቤቷ ወጥታ ገበያ መሀል ስትቆም አይተው አያውቁም። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ዝም ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል?

ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ «ይህ ወተት ከታለበ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ጣፋጭ ነው፤ ማነው የሚጠጣው?» አልኩ። ማንም አልተጠጋም። ኑር ከሱቁ ወጥቶ «አራስ ናት፣ ነፋስ መቷት ነው፣ ወደ ቤቷ መልሷት» አለ። «አንተ ጠጣው» አልኩት። «ያንተ ዱቄት ነው ያቆየው፤ ጠጣና ነፋስ የመታኝ እኔ መሆኔን ለሰው አሳይ።» ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አደረግሁለት። አልጠጣውም፤ ወደ ኋላ ሸሸ። ያቺን እርምጃ ገበያው በሙሉ አየለት።

ከዚያ ልጄ እዚያ ምን እንደሆነች፣ መርፌው እንዴት ውኃ እንደሆነባት፣ አንቺ የጻፍሽልኝን በሶማሊኛ እያደረግሁ ነገርኳቸው። ከወተቱ ነው ብለሽ እንዳልማልሽም ነገርኳቸው፤ ውሸት አልቀላቀልኩም። የሳህራን ስም አላነሳሁም፤ «በእኔ ቤት ወተት ላይ ተጨምሯል» ብቻ ነው ያልኩት። ራሷ መጣች። ቋጠሮዋን ኑር ደጃፍ ላይ ፈትታ አራገፈችውና «ለወንድሜ ልጅ ሁለት ቁንጥር ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች። እኔ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

ኑር «ያለ መድኃኒት አልጭንም፤ ኮምጥጦ ሲደርስ ማን ሊገዛው ነው?» አለ። «አትጫን» አልኩት። ሳህራ የእኛን ጄሪካኖች ከመኪናው አወረደች። ቀጥሎ የጎረቤታችን ወረደ። ቀጥሎ የሁሉም። መኪናው ባዶውን ቆመ፤ ኢሴ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሳቁን ሲደብቅ አይቼዋለሁ።

የባሌ ወገኖች ተቀይመዋል፤ ሴት አርባዋን ሰብራ ነጋዴ አዋረደች ተብሏል። ባሌ ዐብዱልቃድር ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ነው፤ ሲመጣ እሱም የሚለውን ይበል። አማቴ ማታ ድረስ ስታጉረመርም ቆየች። ከዚያ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አንድ አሮጌ የአልሙኒየም ዕቃ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና «አርባሽን ከሰበርሽ አይቀር ያዢልኝ፣ ፍም ላግባበት» አለች። አልሙኒየም አይቀልጥም፤ እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም?

ይህን ደብዳቤ ኢሴ በሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ያመጣልሻል። መልሱን በአንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ሁለት እግር አላት ወይስ የላትም?

ዐናብ

---

ጅጅጋ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለዐናብ፣

አላት። ሁለት እግር አላት። በኢሴ አፍ የላክሁልሽን «ጠብቂ» ብቻ ይዘሽ ይህን ሁሉ ጊዜ መቆየትሽን አውቃለሁ፤ እስካረጋግጥ ድረስ ሌላ ቃል ልጽፍልሽ አልደፈርኩም።

ቀዶ ሐኪሙ ቀን ቆርጦ ነበር። ዶክተር ማቲዎስ መድኃኒቱ እስኪደርስ ቆዩልኝ ብሎ በኮሪደሩ ላይ ተጣላው፤ እኔም ሳህኔን ይዤ መሀላቸው ገባሁ። ቢላው ሊገባ በነበረበት ማለዳ መድኃኒቱ ደረሰ። ትኩሳቷ ወዲያው አልወረደም፤ ያቺን ሳምንት ዳግመኛ አያሳየኝ። ከዚያ ወረደ። የተበላው አጥንት ተፍቆ ወጥቷል፣ ቁስሉም እየሞላ ነው። የማልሸሽግሽ አንድ ነገር አለ፤ ጉልበቷ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይታጠፍም። ስትሰግድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ዶክተር ማቲዎስ ይህን ሲነግራት አልቅሳ አልቅሳ ሲበቃት፣ «መንበርከክ ለግመል ነው» ብላ ዶክተሩን አፉን አስያዘችው። ያንቺ ልጅ ናት፤ ምን ይደረጋል።

ይህ መድኃኒት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ከእሱ ወዲያ ያለውን ገና እየፈለጉት ናቸው፤ እስኪያገኙት ድረስ ይህኛውን እንደ ዓይናችን መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው። አንቺ ለዚህ ቤትሽን አስቀይመሻል። እኔም ድርሻዬ ደርሶኛል፤ ኃላፊዬ ለቅጣት ደገሀቡር ሊያዛውረኝ ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው። ወደ አንቺ እየቀረብኩ መሆኔን አላወቀም። ሳህኖቼን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ በወተት መኪናው መንገድ ላይ ልቀመጥለት።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ኑር ባዶ መኪና ማመላለሱ ሲመረው መጫኑን ኢሴ ነገረኝ። ወተት ተራ ወርጄ ጠበቅሁ። አልሙኒየም ዕቃዎቹ እየተንኳኩ ወረዱ፣ ጢስ ጢስ ይሸታሉ። ያ ሽታ እናቴ ዕቃዋን በወይራ ስታጥን የነበረውን አስታወሰኝ። ብዙው ደህና ደርሷል። ቀይ ክር የታሰረበት ግን ኮምጥጧል። ቸርቻሪዋ ፈትያ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ይሄ ተበላሽቷል፣ መልሱት» አለች። ተቀብያት በቆምኩበት ጠጣሁት። ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ፣ ወተት ተራ መሀል፣ «አልተበላሸም! ኮምጥጧል! ወተት እንዲህ ነው የሚሆነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ እንዳንቺው ነፋስ መትቷት ነው ሳይሉኝ አልቀሩም።

የቀረውን ለኢቅራ ወሰድኩላት። ከታች ያለው የእጅ ጽሑፍ የእሷ ነው፤ ስለ እሷ የጻፍኩትን ካላነበብኩ አልፈርምም ብላ አንብባዋለች፣ በአማርኛ የጻፈችውም እኔ እንዳነበው ነው።

እናትአለም

ሆዮ፣ እማዬ፣ ለአክስቴ ለኢዶ ሳህራ አላዘንኩብሽም በያት። ወተቱ ፊት ያስጨማድዳል፤ ሁሉንም ጠጣሁት። ደግማችሁ ላኩ።

ኢቅራ